ለንብ ንድፊያ የትኛው ቅጠል ይሻላል?

ጀማሪ አናቢ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ንብ ማነብ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ሁለት ቀፎ አለኝ። እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ ተነድፌአለሁ። አዎ፣ እቆጥራለሁ። ሳቁብኝ።

አሥራ አንደኛው ቅዳሜ ዕለት ነበር። ሥራ ጨርሼ ጓንቴን አወለቅኩ። ማጨሻውን ለማጥፋት ጎንበስ ስል አንዷ ከየት መጣች ሳልል የግራ እጄን አይበሉባ ነደፈችኝ። በዚያች ቅጽበት ስለ ቅጠል የሰማሁት ሁሉ ትዝ አለኝ። አንዱ ጤና አዳም ብሎኛል፣ አንዱ እሬት፣ አንዱ ጎርጠብ። እየሮጥኩ ጓሮ ገባሁ። ጎርጠብ የቱ እንደሆነ ደግሞ አላውቅም። ስልኬን አውጥቼ በአንድ እጄ ፎቶ መፈለግ ያዝኩ። እሱም አልሆነ። በመጨረሻ ኩሽና ገብቼ ግማሽ ሎሚ አሸሁበት። ይህ ሁሉ ሲሆን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አይቀርም።

በማግስቱ እጄ እስከ አንጓው አበጠ። የጋብቻ ቀለበቴን በሳሙና ታግዬ ነው ያወጣሁት። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እብጠቱ እየጎደለ ነው፤ ማሳከኩ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ለንብ፣ ለተርብ፣ ለቢንቢ በእውነት የሚሠራ ቅጠል የትኛው ነው? ይጨመቃል? ይታኘካል? ይታሰራል? "ፋርማሲ ሂድ" እንዳትሉኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ። የሞከራችሁትን ንገሩኝ።


ፈጣን መላሽ

ነጭ ሽንኩርት! ሁለት ፍሬ ወቅጠህ ንድፊያው ላይ እሰርና ተኛ። ጠዋት ስትፈታው ምንም አታገኝም።


ኬሚስትሪ ወዳድ

መጀመሪያ የነደፈህን ለይ። የንብ መርዝ አሲድ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሰህ ትቀባለህ። የተርብ ደግሞ አልካሊ ነው፤ እሱን አቼቶ ያረክሰዋል። ትምህርት ቤት ተምረነዋል እኮ። ሎሚው ያሳበጠህ ለዚህ ነው፤ አሲድ ላይ አሲድ ጨመርክበት።


አሮጌ ቀፎ

ፈጣን መላሽ፣ "ምንም አታገኝም" ያልከው ቆዳውንም ይጨምራል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ አስሮ ማደር እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ውሃ ያስቋጥራል። ለወጥ እንጂ ለእጅ አይሆንም።

ልጄ ጀማሪ፣ እኔ ከንብ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መቁጠሩን በሁለተኛው ወር ተውኩት። ከቅጠሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። በጻፍከው ውስጥ ጓሮ አለ፣ ስልክ አለ፣ ኩሽና አለ፣ ሎሚ አለ። መንደፊያዋን መቼ ነቀልከው?

አልነቀልከውም። ወይ ሎሚው ነው የነቀለልህ።

ሌላ ጊዜ ስትነደፍ፣ መነደፍህ መቼም አይቀርም፣ ጣትህን ከመስደድህ በፊት ለአንድ አፍታ ልብ ብለህ እያት። ንቧ ሄዳለች። ቆዳህ ላይ ግን ቡናማ እሾህ ተተክሏል። ጫፉ ላይ ከሩዝ ፍሬ በጣም የምታንስ ነጣ ያለች ከረጢት ተንጠልጥላለች። ከረጢቷ ብቻዋን ትር ትር ትላለች። ባለቤቷ የለችም፤ ጡንቻው ግን መርዙን ወደ ውስጥ መግፋቱን አላቆመም። እሾኹ ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች ስላሉት ከሰው ቆዳ አይመዘዝም። ንቧ ተነስታ ስትበር ከሆዷ ተቦጭቆ ይቀራል፤ እሷም በዚያው ትሞታለች። የተርብ መንደፊያ ለስላሳ ነው። ትነድፍህና ትመዘዋለች፤ ከፈለገች ትደግምሃለች። ስለዚህ ተርብ ሲነድፍህ እሾህ አትፈልግ።

ያቺ ከረጢት አብዛኛውን መርዝ የምትጨርሰው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው። አንድ ደቂቃ ሲሞላ ባዶ ናት ማለት ይቻላል። አንተ ጓሮ ለጓሮ ስትዞር ነገሩ አልቋል።

ድሮ "በጣት አትያዘው፣ ከረጢቱን ትጨምቀዋለህ፣ በቢላ ጀርባ ፈቅፍቀው" እንባል ነበር። እኔም አምኜ ለዓመታት የፕላስቲክ ካርድ በኪሴ ይዤ ዞሬአለሁ። ኪሱ ከቱታው ሥር ነው። ዚፕ እስክከፍት፣ ካርዱን እስክፈልግ፣ ከረጢቷ ሥራዋን ጨርሳ ትጠብቀኛለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሙከራ ይህን ምክር ገለበጠው። በጣት ቆንጥሮ ማውጣትና መፈቅፈቅ ልዩነት አላመጡም። ልዩነት ያመጣው መዘግየቱ ነው። ጥቂት ሰከንድ እንኳ ሲያልፍ እብጠቱ ይሰፋል። በጥፍርህ ይሁን በቁልፍህ፣ ብቻ ንቀለው።

ከነቀልክ በኋላ ከቀፎው ራቅ በል። ንብ ስትነድፍ የበሰለ ሙዝ የሚሸት ነገር ትለቃለች። ለእህቶቿ "ጠላት እዚህ ጋ ነው" ማለቷ ነው። ሙዝ ሸተተህ ማለት ሌሎቹ እየመጡ ነው። እጅህን የነደፈችህ ከሆነ ቀለበትህን ሳያብጥ አውልቅ፤ የሳሙናውን ትግል አይተኸዋል። ከዚያ በውሃና በሳሙና ታጠብ።

ኬሚስትሪ ወዳድ፣ የእኔም መምህር ይህንኑ አስተምሮኛል። ቀላል ስለሆነ ያምራል። ግን አስበው። መርዙ ቆዳ ውስጥ ገብቷል፤ ሶዳህ ከላይ ተቀምጧል። ደግሞ የሚያመው አሲዱ አይደለም። የንብ መርዝ ሲደርቅ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜሊቲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ነው። እሱ የሴሎችን ሽፋን ይበሳል። ከእሱ ጋር ፎስፎሊፔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሂስታሚንም አለ። እነዚህን በአቼቶ ማርከስ አይቻልም። "በፓፓያ ወተት ፕሮቲኑን እንሰባብረዋለን" የሚሉም አጋጥመውኛል። ፓፓያው በእርግጥ ፕሮቲን ይሰባብራል፤ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ፕሮቲን ያንተ ቆዳ ነው።

አሁን ወደ ቅጠልህ። ቅጠል መርዝ አይስብም። ማንም ቢልህ አትመን። ቅጠል ያቀዘቅዛል፣ ማሳከኩን ትንሽ ያበርዳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እጅህን ሥራ ያስይዝልሃል። ቅጠል ስትይዝ አታክክም። ያላከክከው ንድፊያ በጊዜው ይድናል፤ ያከክከው ይቆስላል።

እኔ የምይዘው ሁለት ብቻ ነው።

አንደኛው ጎርጠብ ነው። ሁለት ዓይነት አለ፤ ቅጠሉ ሰፊና ቅጠሉ ጠባብ። ሁለቱም ያው ናቸው። ሰው በሚረግጠው ጠንካራ መሬት ላይ ይወዳል። ግንድ የለውም፤ ቅጠሎቹ ሁሉ ከአንድ ቦታ፣ ከመሬቱ ተነስተው ክብ ሠርተው ይዘረጋሉ። ቅጠሉ ላይ እንደ ደም ሥር የሚታዩት ሥሮች እንደ ሌላው ቅጠል አይሰበጣጠሩም፤ ከታች እስከ ጫፍ ጎን ለጎን ይሮጣሉ። ይህን አስታውስ፦ ቅጠሉን ወገቡ ላይ ቀስ ብለህ ስትቀድደው ነጫጭ ክሮች ተስበው ይወጣሉ፤ ሁለቱን ግማሾች አያይዘው ይንጠለጠላሉ። ውስጡ አውኩቢንና አላንቶይን የሚባሉ ነገሮች አሉት። አውኩቢን በላቦራቶሪ ብግነት ሲቀንስ ታይቷል፤ አላንቶይን የቆዳ ቅባት ውስጥ ይገባል። ንድፊያ ላይ ያለው ማስረጃ ግን አብዛኛው የሰው ወሬ ነው። የእኔም ወሬ ነው። ቅጠሉን ታጥባለህ፣ በመዳፍህ እስኪያረጥብ ታሻለህ፣ አሥር ደቂቃ ታስቀምጥና በአዲስ ትለውጠዋለህ። ማኘኩን ተወው። አፍህ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ቁስል ላይ አያስፈልግም። ደግሞ መንገድ ዳር የበቀለ ቅጠል ላይ ውሻ እግሩን አንስቶበት እንደሆነ በምን ታውቃለህ?

ሁለተኛው እሬት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቅጠሉን ቆርጦ ወዲያው ይቀባዋል። ቆይ። ከታች ያለውን፣ ያረጀውንና ወፍራሙን ቅጠል ምረጥ። ከሥሩ ቆርጠህ የተቆረጠውን ወደ ታች አድርገህ ብርጭቆ ውስጥ አቁመው። ቢጫ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይላል። እሱ ነው ያ የሚታወቀው መራራ፤ ቆዳም ያሳክካል። ከላጩ ሥር ካለው ንጣፍ ነው የሚመጣው። ሩብ ሰዓት ተወው፣ ይውረድ። ከዚያ እጠበው፣ በሁለቱም በኩል ያለውን እሾህ ቁረጥ፣ አረንጓዴውን ላጠው። የሚቀርህ እንደ መስታወት የጠራ፣ የሚያዳልጥ ሥጋ ነው። እሱን ቁራጭ አድርገህ ፍሪጅ ውስጥ አቆየው። አብዛኛው ውሃ ነው፤ ቆዳህ ላይ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ሌሊት ለሚያሳክክ ንድፊያ ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ቀይ ሽንኩርት ቆርጠው የሚይዙም አሉ። ጉዳት አላየሁበትም፤ ጥቅሙም ቅዝቃዜው ይመስለኛል። ናና ማሸት ይበርዳል፤ ሜንቶሉ የቆዳን የቅዝቃዜ ነርቭ ስለሚነካ እንጂ ቆዳው በእርግጥ ቀዝቅዞ አይደለም። ጭቃና እበት ግን በፍጹም። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ የሚያድረው አፈር ውስጥ ነው።

ጤና አዳም ላይ ቁም። ሎሚም ላይ ቁም።

በሰባተኛ ዓመቴ ነው። ሁለት ንቦች ክንዴን ነደፉኝ። እሾኹን ነቀልኩና ጓሮዬ ካለው ጤና አዳም እፍኝ ሙሉ ሸምጥጬ እስኪያረጥብ አሸሁበት። ሽታው ራሱ መድኃኒት ይመስላል። ሕመሙ ቀለል አለኝ። "አያቶቻችን እኮ ያውቁ ነበር" እያልኩ እጅጌዬን ጠቅልዬ እስከ አመሻሹ ፀሐይ ላይ ሠራሁ። ያን ቀን ምንም የለም። በማግስቱ ማታ ክንዴ ጋለ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቀያይ መስመሮች ወጡ። ልብ ብዬ ሳያቸው የራሴ ጣቶች ናቸው። ያሸሁበት አራት ጣት፣ አራት መስመር። በሦስተኛው ቀን መስመሮቹ ውሃ ቋጠሩ።

ሕክምና ሄድኩ። ያየኝ ባለሙያ "ምን ፈሰሰብሽ?" አለኝ። ምንም አልፈሰሰብኝም አልኩት። "የፈላ ውሃ ነው፣ አስታውሺ" አለኝ። እናቴ ትሙት ምንም አልፈሰሰብኝም አልኩት። የቃጠሎ ቅባት ጽፎ ሸኘኝ። እንደ ውሸታም አይቶኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከሳምንት በኋላ ሌላዋ ገና ክንዴን እንዳየች "ቅጠል ነክተሻል?" አለችኝ። ጤና አዳም ውስጥ ፉሮኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሉ። ብቻቸውን ዝም ይላሉ። ቆዳ ላይ ሆነው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ሲያገኛቸው ግን ቆዳውን ያቃጥላሉ። ቃጠሎው የሚወጣው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ሰው ከቅጠሉ ጋር አያገናኘውም። የሎሚ ልጣጭና ጭማቂም አለበት። የበለስ ወተትም እንዲሁ።

የንቦቹ ንድፊያ በሁለት ቀን ጠፋ። የጤና አዳሙ ቡናማ ጣቶች ግን አራት ወር ክንዴ ላይ ቆዩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ ቅዳሜ ሎሚውን ካሸህ በኋላ ታጥበሃል? ፀሐይ ላይ ወጥተሃል? እጅህን እየውና ንገረኝ። ቡናማ ወይም ቀይ፣ የፈሳሽ አወራረድ የሚመስል ምልክት ካለ ለጥቂት ሳምንት ከፀሐይ ሸፍነው።

ከቅጠሎቹ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ቅጠል አይደለም። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ አሥር ደቂቃ። አውቃለሁ፣ ቅጠል ነው የጠየቅከው።


የመንታ እናት

እትዬ አሮጌ ቀፎ፣ ደነገጥኩ። መንታ ልጆቼ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቢንቢ ሌሊት ትበላቸዋለች። እኔ ማታ ማታ ንክሻው ላይ ሎሚ እቀባቸዋለሁ። እንዳይነከሱ ደግሞ የባህር ዛፍ ዘይት ደረታቸው ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ልተወው?


አሮጌ ቀፎ

የልጅ ነገር አልናገርም። ነጭ ጋወን የት ነህ?


ነጭ ጋወን

አለሁ። ሥራዬ ፋርማሲ ነው፤ ጠያቂው ስለከለከለን ነው ዝም ያልኩት።

የመንታ እናት፣ ሁለቱንም ተይ። ሎሚውን ማታ ስለቀባሽው ደህና ይመስላል። ግን ጠዋት ሳይታጠቡ ፀሐይ ላይ ይወጣሉ። ያልተበረዘ የባህር ዛፍ ዘይት ለእነሱ ቆዳ ከባድ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ጠርሙሱ ነው። ሕፃን ጥቂት ቢውጥ እንኳ ሊደነዝዝ፣ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ዛሬ ማታውኑ ቁምሳጥን አናት ላይ አውጪው። ሜንቶልና ካምፎር ያለበትን ቅባትም ከፊታቸው አርቂ።

ለማሳከኩ ከዕፅዋት አንድ ልምረጥ ካልኩ አጃ ነው። በጣም የደቀቀ የአጃ ዱቄት ለብ ባለ ውሃ በጥብጠሽ ገላቸውን እጠቢበት። ቆዳን በማብረድ በኩል ከቅጠሎቹ በተሻለ የተጠና እሱ ነው። ጥፍራቸውንም ከርክሚ። ለመከላከል አጎበር። ከዕፅዋት ከሚመጡ ማባረሪያዎች ጠንካራው ፒኤምዲ የሚባለው ነው፤ ሎሚ ሎሚ ከሚሸተው የባህር ዛፍ ዓይነት ይወጣል። ግን ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም። ያንቺ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዘይት ደግሞ እሱ አይደለም።

ጀማሪ፣ "ፋርማሲ አትበሉኝ" ብለሃል። እሺ። ሌሊት እንቅልፍ ለሚነሳ ማሳከክ ግን እንቅልፍ ብዙም የማያስይዝ አንቲሂስታሚን (የአለርጂ ክኒን)፣ ለምሳሌ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን፣ ከማንኛውም ቅጠል ይበልጣል። የእብጠቱ ነገር ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ከነደፈ በኋላ እስከ ሁለት ቀን እየጨመረ ሄዶ፣ እስከ ሳምንት ቆይቶ ቢጎድል አብዛኛውን ጊዜ የመርዙ ምላሽ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይፈልግም። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ይበልጥ እየቀላ፣ እየሞቀ ከሄደ፣ መግል ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ታይ።

አንድ ነገር ላይ ቀልድ የለም። ከተነደፍክበት ቦታ ውጭ ሰውነትህ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ከንፈርህ ወይም ምላስህ ካበጠ፣ ድምፅህ ከጎረነነ፣ ደረትህ ሲር ሲር ካለ፣ ካስመለሰህ፣ ዓይንህ ከጨለመ፣ ያ አናፊላክሲስ የሚባለው፣ መላ ሰውነትን የሚይዝ አደገኛ አለርጂ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል። የሚያድነው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ክኒኑ አይተካውም፤ ቅጠል ፈጽሞ። ራስህ ካዞረህ ተጋደምና እግርህን ከፍ አድርግ፤ መተንፈስ ካቃተህ ተቀመጥ። ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። አፍና ጉሮሮ ውስጥ የተነደፈም፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ንብ የነደፈውም ሕክምና ይሂድ። አንዴ እንዲህ የሆነ ሰው ደግሞ ብቻውን ቀፎ አይክፈት።


ፈጣን መላሽ

ነጭ ሽንኩርቱ ቀርቷል፣ ይቅርታ። ለመዥገርስ? ቅቤ ወይ ዘይት ቀብተን ስትታፈን ትለቃለች ይባላል።


ነጭ ጋወን

አትቀባ። በቀጭን መቆንጠጫ ከቆዳው ጋር አስጠግተህ ያዛት፣ ሳትጠመዝዝ ቀጥ አድርገህ ሳብ። ታፍና እስክትለቅ መጠበቅ ማለት ስትመጥጥ መቆየት ነው።


ጀማሪ አናቢ

እትዬ፣ ነብይ ነሽ እንዴ? እጄን አየሁት። ከአውራ ጣቴ ወደ አንጓዬ የወረደ ቡናማ መስመር አለ። ጠብታውን ሳይቀር አሳምሮ ስሎታል። ሎሚውን አልታጠብኩም ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ደግሞ ፀሐይ ላይ አጥር ስጠግን ነበር። እኔ ከእብጠቱ የመጣ መስሎኝ ነው እንጂ። አሁን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ።

ሌላ ዜና፦ ዛሬ አሥራ ሁለተኛዋ መጣች። ቁርጭምጭሚቴን፣ በካልሲው ላይ። ካልሲውን ወረድ አድርጌ በጥፍሬ ነቀልኳት። ሚስቴ አጠገቤ ነበረች፤ አራት ሰከንድ አልፈጀብህም ብላለች። ከረጢቷ ጥፍሬ ላይ ሆና ስትመታ አየኋት። እውነትም ትር ትር ትላለች! ሙዙም ሸተተኝ፣ ሮጥኩ። ከዚያ በረዶ፣ ከዚያ እሬት። ቢጫውን አስወርጄ። ብርጭቆው የሚስቴ መሆኑን ሳልጠይቅ ስላቆምኩት ሌላ ንድፊያ ደርሶብኛል፤ እሱ ቅጠል የለውም። ቁርጭምጭሚቴ አሁን የአንድ ሳንቲም ያህል ቀልቷል፣ ሌላ ምንም።

ጎርጠብም ያገኘሁ ይመስለኛል። ከአጥሩ ሥር። ፎቶውን አያይዣለሁ። ቅጠሎቹ ከመሬት ተነስተው ክብ ሠርተው ተዘርግተዋል፣ ልክ እንዳልሽው። ትንሽ ጠጉር ጠጉር ይላል። ላድርቀውና ላስቀምጥ?


አሮጌ ቀፎ

አራት ሰከንድ ጎበዝ ነህ።

ፎቶውን አየሁት። ክብ ሠርቶ መዘርጋቱ ብቻውን አይበቃም፤ እንዲያ የሚዘረጋ ብዙ ቅጠል አለ። ጠጉሩን አልወደድኩትም። ሥሮቹም መሐል ካለው አንድ ወፍራም ሥር ወደ ጎን ሲሰበጣጠሩ ይታየኛል።


ነጭ ጋወን

እኔም አልወደድኩትም። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የጎርጠብ ወገን ነው ተብሎ የተሸጠ ደረቅ ቅጠል ዲጂታሊስ ላናታ የሚባል የልብ መርዝ ያለበት ተክል ተደባልቆበት ተገኝቶ ነበር። የወሰዱት ሰዎች የልብ ምታቸው ተዛብቶ ሆስፒታል ገብተዋል። ያ የደረሰው በነጋዴዎች እጅ ነው። እዚህ ያለነው ደግሞ በስልክ ፎቶ ነው።


አሮጌ ቀፎ

ጀማሪ፣ አንዱን ቅጠል ወገቡ ላይ ቀስ ብለህ ቅደደውና ያየኸውን ጻፍልኝ።


ጀማሪ አናቢ

ቀደድኩት። ክር የለውም። ቀጥ ብሎ ተቆረጠ።


አሮጌ ቀፎ

እንግዲያው ጣለው። እጅህን በሳሙና ታጠብና ወደ እሬትህ ተመለስ። ጎርጠቡን ሌላ ቀን እንፈልጋለን።